የቤንዚን ትነትና የጀልባ ሞተር ክፍል

በካርቱም ወንዞች ላይ ለሠሩና ለመሥራት ለሚያስቡ ስደተኞች ያደረግነው ገለጻ



በዛሬው ገለጻችን የምናነሣው ጉዳይ በቤንዚን በሚሠሩ ጀልባዎች ላይ ስለሚደርሰው የእሳትና የፍንዳታ አደጋ፣ እንዲሁም አደጋውን አስቀድሞ ስለሚጠቁም መሣሪያ ነው። ርእሱን ስትሰሙ «መጠለያ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የጀልባ ነገር ምኑ ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ካርቱም የኖርን ነን። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ያለንን ጥለን ወጣን። ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ ደግሞ ወደዚያው የተመለሱ አሉ፤ እንመለሳለን የሚሉም በየቀኑ ያነጋግሩናል። ከነዚህም ውስጥ ጥቂት የማይባሉት እንጀራቸውን ወንዝ ላይ ለመፈለግ ያስባሉ።

ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ በውኃ የተለያዩ ሦስት ከተሞች መሆናቸውን ታውቃላችሁ። የእኛው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው ሞግረን ላይ ነው። ቱቲ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2009 ድልድይ እስኪሠራላት ድረስ ሰው ወጥቶ የሚገባው በጀልባ ብቻ ነበር። ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሸምባት ድልድይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በጦርነቱ ፈረሰ። ድልድይ በጠፋበት ቦታ ሁሉ ጀልባ ዋጋ ያገኛል። ጀልባ ሲፈለግ ደግሞ አሮጌው ሁሉ ከተጣለበት ይወጣል፤ ያገኙትን ሞተር ይተክሉበታል፤ ገመድ የሚይዝ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ጀሪካን የሚሸከም ረዳት ይቀጠራል። ረይሱ መሪውን ይይዛል። ሞተሩን የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ነው። ረዳቱ ደግሞ የሥራ ፈቃድ የሌለው፣ ቋንቋውን በቅጡ ያልለመደ፣ «አይሆንም» ለማለት የሚፈራ የእኛ ወገን ሊሆን ይችላል። የሞተር ክፍል ሲፈነዳ በቅርብ ቆሞ የሚገኘው እርሱ ነውና ይህን ገለጻ ያዘጋጀነው በተለይ እርሱን በማሰብ ነው።

በነገራችን ላይ በአገራችንና በካርቱም መካከል የጀልባ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያ ድረስ እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። እነዚያ መርከቦች ማገዶ ይበሉ ነበር ይባላል። የማገዶ እሳት የት እንዳለ ይታያል፤ ጭሱም ይናገራል። የቤንዚን ትነት ግን አይታይም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቤንዚን ሲነድ የምናየው ነበልባል ከፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ ከሚወጣው ትነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ናፍጣ ግን በአብዛኛው ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እንዲህ ያለ ትነት አይሰጥም። ስለዚህ በግንቦት ወር የካርቱም ፀሐይ ከ40 ዲግሪ በላይ ስትደርስ የተከፈተ የቤንዚን ጀሪካን ምን ያህል ትነት እንደሚለቅ መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው ጠባዩ ክብደቱ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 ጊዜ ያህል ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝም ይተኛል። ጀልባ ላይ ዝቅ ያለው ቦታ ከወለሉ ሳንቃ በታች ያለው፣ ውኃ የሚጠራቀምበት ሆዱ ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው አፍንጫ ምንም ሳይሸተው ከእግሩ በታች የሚፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል።

መጠኑን በቀላል ሒሳብ እናሳያችሁ። የቤንዚን ትነት መንደድ የሚችለው ከአየሩ መካከል ከመቶ 1.4 እጅ ያህል ሲሆን ጀምሮ ነው። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ የሞተር ክፍል አለ እንበል። ይህን ክፍል ወደዚያ መጠን ለማድረስ አንድ የሻይ ብርጭቆ እንኳ የማይሞላ ቤንዚን ተንኖ መቀላቀሉ ይበቃል። ትነቱ ታች ስለሚተኛ ከዚያም ያነሰው ለታችኛው ክፍል በቂ ነው። ከመቶ 7.6 እጅ በላይ ሲሆን ደግሞ አየሩ ስለሚያንሰው አይነድም። ይህ ግን የሚያጽናና አይደለም። እንዲህ የታፈነውን ክፍል ከፍታችሁ አየር ስታስገቡ ወደሚነድበት መጠን ይወርዳልና ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው ቁልፍ ማዞር ከሁሉ የከፋ ጊዜ ላይ እሳት መስጠት ይሆናል።

መኪና የጠገነ ሰው «እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ስንት ዓመት ቤንዚን ሞተር ፈታሁ፣ ገጠምኩ» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፤ መኪና ሆዱ ክፍት ነው። ከካርቡራቶሩ የሚንጠባጠበው መሬት ላይ ይወርዳል፤ ነፋስም ይወስደዋል። ጀልባ ግን ውኃ እንዳያስገባ ተብሎ ሆዱ ተዘግቶ የተሠራ ዕቃ ነው። ውኃ የማያስገባ ሆድ ትነትም አያስወጣም። ለጀልባ ተብለው የሚሠሩ ሞተሪኖና ዲናሞ ከውስጣቸው የሚፈጠረው ፍንጣሪ ውጭ ያለውን ትነት እንዳያቀጣጥል ሆነው የሚዘጋጁት በዚህ ምክንያት ነው። የመኪናው ግን እንዲህ ተደርጎ አልተሠራም። ዋጋው ስለሚረክስና ልክ ስለሚገጥም ከመኪና የተፈታ ሞተሪኖ የቤንዚን ጀልባ ውስጥ ሲተከል አይተናል። በእኛ ግምት ገንዘብ ከሚቆጠብባቸው ቦታዎች ሁሉ መጥፎው ይህ ነው። የካርቡራቶሩም ነገር እንዲሁ ነው። የጀልባ ቤንዚን ሞተር በአየር መሳቢያው አፍ ላይ እሳት ወደ ኋላ ሲተፋ የሚያቆም የብረት መረብ ሊኖረው ይገባል። አሜሪካኖች ይህን ዕቃ በሕግ ያስገደዱት እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ነው። «አየር ይይዛል፤ ሞተሩን ያደክማል» ተብሎ ተነቅሎ የተጣለበትን ሞተር ግን ዛሬም ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ማንሣት አለብን፤ ጥቂት መስሎ ትልቅ አደጋ ያለበት ነውና። እኛ «ጋዝ» ስንል ብዙውን ጊዜ ላምባ ማለታችን ነው። ሱዳን ውስጥ «ጃዞሊን» የሚባለው ናፍጣ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሞተር ላይ «ጋዞሊን» ተብሎ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ግን ቤንዚን ማለት ነው። አንድ ድምፅ ሁለት ተቃራኒ ነዳጅ ይጠራል ማለት ነው። ረይሱ «ጃዞሊን አምጣ» ቢል ናፍጣ ነው። ቤንዚን የፈለገ እንደሆነ «በንዚን» ብሎ ይጠራዋል። በጀሪካኑ ላይ በዐረብኛና በአማርኛ ጽፋችሁ ለዩት፤ ቀለሙንም ለዩት። ናፍጣ ሰልባቲዮ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ቢገባ «ይቀላቀላል፣ ግድ የለም» አትበሉ። ጥቂቷ ቤንዚን የናፍጣውን ጠባይ ለውጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ እንዲቀጣጠል ታደርገዋለች። ባለ ናፍጣ ጀልባ ይሻላል የምንለውም ናፍጣው ንጹሕ ከሆነ ነው። ያም ቢሆን ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚረጭ ናፍጣ የጋለ ማርሚታ ላይ ካረፈ ይነዳል።

ቤንዚኑ ወደ ጀልባው ሆድ የሚገባው በየት ነው? በአብዛኛው በጎማ ቱቦው ነው። ፀሐይና ሙቀት ያደረቀው ቱቦ ጣት ሲያጥፈው ይሰነጠቃል። ቱቦውን የሚይዘው የብረት ቀለበት በሞተሩ ንዝረት ይላላል። የነዳጅ ማጣሪያው መስታወት ይሰነጠቃል። ሰልባቲዮው ከካርቡራቶሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ነዳጁ በራሱ ክብደት እየወረደ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ማታ ሥራ ሲያበቃ የነዳጁን ቧንቧ መዝጋት፣ ጠዋት ከማስነሣት በፊት ደግሞ ከቱቦው ጫፍ እስከ ጫፍ በደረቅ ጨርቅ ማበስና ጨርቁን ማሽተት ይገባል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጀሪካን አፉ ድረስ መሙላትም ጉዳት አለው። ቤንዚን ሙቀቱ በየ10 ዲግሪ ሲጨምር ከመቶ አንድ እጅ ያህል ያብጣል። ሌሊት በ20 ዲግሪ የተሞላ 20 ሊትር በቀን 45 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግማሽ ሊትር ያህል ይጨምራል። ያ ግማሽ ሊትር በክዳኑ በኩል ካልወጣ ጀሪካኑን ያሳብጠዋል። ከወጣም የሚሄድበትን ቀድመን ተናግረናል። በተጨማሪ፣ ቤንዚን ጀሪካን ውስጥ ሲቀዳ ጀሪካኑ ጀልባው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ መቀመጥ አለበት። ፈሳሹ በቱቦ ሲሮጥ የማይታይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ መሬት የነካ ዕቃ ግን ቀስ እያለ ያወርደዋል። የመቅጃው ብረት የጀሪካኑን አፍ ነክቶ ይቆይ፤ ከከፍታ እያንፎለፎላችሁ አትቅዱ። የጀልባው የራሱ ሰልባቲዮ በሚሞላበት ጊዜ ተሳፋሪ ይውረድ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ የሞተሩ ክፍልና የወለሉ ክዳን ትነት እንዳይገባበት ይዘጋ። ሲያበቃ ደግሞ ያው ክዳን ይከፈትና አየር ይግባበት።

አሁን ወደ ጠቋሚው መሣሪያ እንምጣ።

አፍንጫ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ይደክማል። ቤንዚን ሲሸተው የዋለ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽታው የጠፋ ይመስለዋል፤ የጠፋው ግን የእርሱ የማሽተት ኃይል ነው። በ1920ዎቹ በአሜሪካ የነዳጅ ጫኝ መርከቦች ታንኮች በትነት ምክንያት እየፈነዱ ሰው ይፈጁ ስለነበር ኦሊቨር ጆንሰን የሚባል የነዳጅ ኩባንያ ባለሙያ ትነቱን የሚለካ መሣሪያ ሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የጋለ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ አለ። ትነት ሲደርስበት በሽቦው ላይ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ ሽቦው ይበልጥ ይግላል፤ ሲግል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው ይለወጣል፤ ያም ለውጥ መርፌ ያንቀሳቅሳል ወይም ደወል ያስጮኻል። ዛሬ ጀልባ ላይ የሚገጠሙት ብዙዎቹ በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ትነት ሲነካው ጠባዩ የሚለወጥ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ቅመም ይጠቀማሉ።

ጥሩ ጠቋሚ የሚጮኸው ትነቱ ሊነድ ከሚችልበት መጠን አንድ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። ይህም በክፍሉ ውስጥ ከሺህ እጅ አየር 3 እጅ የማይሞላ ትነት ማለት ነው። ስለዚህ ደወሉ ሲጮኽ ገና ጊዜ አለ። «ዝም ብሎ ይጮኻል፤ ምንም የለም» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እሳት ሳይታይ ስለሚጮኽ ውሸታም ያስመስለዋል። አንድ የምናውቀው ጀልባ ላይ ጠቋሚው ጠዋት ጠዋት እየጮኸ ስላስቸገረ ሽቦው ተቆርጦ ነበር። ኋላ ሲፈተሽ ከማጣሪያው በታች ያለው የቱቦ ቀለበት ላልቶ ሌሊት ሌሊት ሲያንጠባጥብ ተገኘ። ቀለበቱን ማጥበቅ ከሽቦው መቁረጥ ያነሰ ሥራ ነበር።

ዳሳሹ፣ ማለትም ትነቱን የሚያሸተው ጫፍ፣ የሚቀመጠው ከሞተሩ በታች፣ ትነቱ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ይሁንና በሆዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ እንዳይነካው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ውኃ፣ ጭቃና ቅባት ያደነቁሩታል። ክፍተት ለመድፈን የሚቀባው ሲሊኮን የሚሉት ማጣበቂያም ትነቱ የፕላቲነሙን ዓይነት ዳሳሽ ይመርዘዋል፤ ከተመረዘ በኋላ መብራቱ እየበራ ምንም አያሸትም። ስለዚህ መብራት መብራቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ብዙ አምራቾች ላይተር ሳይለኮስ ጋዙን ብቻ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ወደ ዳሳሹ በመልቀቅ እንዲሞከር ያዛሉ። ይህ የሚደረገው ክፍሉ አስቀድሞ ተናፍሶ ሽታ የሌለው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ጠቋሚው ከሞተሩ ቁልፍ በፊት መብራት አለበት፤ ሽቦው እስኪግል ጥቂት ጊዜ ይፈልጋልና። ሞተሩ ሲነሣ አብሮ የሚበራ ጠቋሚ ዘግይቶ የመጣ ዘበኛ ነው።

እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ የምትሠሩባቸው ጀልባዎች ይህ መሣሪያ የላቸውም። ባለቤቱ ይግዛ ብለን ብንመክርም የሚገዛው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ያለ ጠቋሚ ስለሚሠራው ሥራ ሰፋ አድርገን እንናገራለን።

አሜሪካ ውስጥ ውስጣቸው የቤንዚን ሞተር የተተከለባቸው ጀልባዎች የሞተር ክፍሉን አየር የሚስብ ማራገቢያ እንዲኖራቸው እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ሕግ ያስገድዳል። ማራገቢያው ከማስነሣት በፊት ቢያንስ 4 ደቂቃ መሥራት እንዳለበትና ክፍሉም ለትነት መፈተሽ እንዳለበት መሪው አጠገብ ተጽፎ ይለጠፋል። የማራገቢያው መሳቢያ ቱቦ ወደ ታችኛው ሆድ መውረድ አለበት። ከላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ንጹሑን አየር ብቻ ያወጣል። ማራገቢያ የሌለው ጀልባ ከሆነ ክዳኑ በሙሉ ይከፈት፤ የወለሉ ሳንቃ ይነሣ፤ የጀልባው አፍ ወደ ነፋሱ ይዙር፤ ከ4 ደቂቃም በላይ ይጠበቅ። ሰዓት ከሌላችሁ ሻይ አዝዛችሁ ጠጡ፤ ይደርሳል። ከዚያ አንዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ አፍንጫችሁን እስከ ወለሉ ድረስ አውርዳችሁ አሽትቱ። የሚያሸተው ሰው ቤንዚን ሲቀዳ የዋለው ባይሆን ይመረጣል፤ አፍንጫ እንደሚደክም ተናግረናልና።

ከሸተተ ወይም ጠቋሚው ከጮኸ ምንም ዓይነት የኤሌክትሪክ ማብሪያ አትንኩ። የውኃ መምጠጫውን ፓምፕ አታስነሡ፤ የባትሪውንም ሽቦ አትንቀሉ። ሽቦው ሲነቀል የሚፈናጠረው ብልጭታ ብቻውን በቂ ነው። ስለሆነም ዋናው የባትሪ ማጥፊያ ከሞተሩ ክፍል ውጭ እንዲገጠም ባለቤቱን ለምኑ። ተሳፋሪ ካለ ያውርዱ፤ የነዳጁን ቧንቧ ዝጉ፤ የፈሰሰውን በጨርቅ አድርቁ፤ ጨርቁንም ከጀልባው አርቃችሁ ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ቤንዚን የተቀላቀለበትን ውኃ ወደ ወንዙ አትድፉ፤ ከታች ያለው ሰው ይጠጣዋል፤ በጀሪካን አውጡት።

ይህ ሁሉ ታልፎ እሳት ከተነሣስ? የሞተሩን ክፍል ክዳን በሙሉ አትክፈቱ። አየር ያገኘ እሳት ፊት ላይ ይመጣል። በደንብ በተሠራ ጀልባ ክዳኑ ላይ የእሳት ማጥፊያው አፍ የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ከሌለ አሁን ማበጀት ይቻላል። ነዳጁን ዘግታችሁ ማጥፊያውን በቀዳዳው ልቀቁና ክዳኑን ሳትከፍቱ ጠብቁ። ቤንዚን ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ በባልዲ ውኃ ማፍሰስ እሳቱን ያስፋፋዋል። ተሳፋሪዎች ሁሉ በአንድ ወገን እንዳይሸሹ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ጀልባው ይገለበጣልና። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1983 ከአስዋን ወደ ዋዲ ሐልፋ ይጓዝ የነበረው «10 ረመዳን» የተባለ መርከብ በሐይቁ ላይ በእሳት ተያይዞ ሲሰጥም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። እኩሌቶቹን እሳቱ፣ እኩሌቶቹን ውኃው ወሰዳቸው። ከዳር በራቀ ውኃ ላይ የሚነሣ እሳት ለሰው የሚተውለት ምርጫ ይህ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእሳትም ቀን የሚያስፈልግ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የሞተር ክፍል ጥንቃቄ ከእሳት ብቻ የሚያድን አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ከካርቱም በስተሰሜን ራቅ ብሎ ተማሪዎችን የጫነች ጀልባ ወንዝ መካከል ስትደርስ ሰጥማ 22 ሕፃናትና አንዲት ሴት ሞተዋል። ባለሥልጣናት በወቅቱ እንደ ገለጹት ከኃይለኛው የውኃ ግፊት የተነሣ ሞተሯ ቆሞ ነበር። ሕፃናቱ ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነበር። ክረምት ላይ ዓባይ ሲሞላ ሞተሩ የቆመ ጀልባ እንደ እንጨት ይወሰዳል። ስለዚህ ውኃ የገባበት ቤንዚን፣ የቆሸሸ ማጣሪያ፣ የላላ የካንዴላ ሽቦ ሁሉ ከዳር ሳትለቁ የሚታዩ ናቸው። ክፍሉን ከፍታችሁ አራቱን ደቂቃ በምትጠብቁበት ጊዜ ዓይናችሁ ሥራ አይፍታ።

ከዚህ ሁሉ በላይ አስቸጋሪው ነገር ግን ቃል መናገር ነው። ተሳፋሪ ሞልቷል፤ ረይሱ ተቆጥቷል፤ ሌላው ጀልባ ሊቀድም ነው፤ «አስነሣ!» ይባላል። ረዳቱ ሽታው ይሸተዋል፤ ግን ሥራውን እንዳያጣ ይፈራል። «እምቢ በሉ» ብሎ መናገር ለእኛ እዚህ ለቆምነው ቀላል ነው። የቀን ምንዳው የቀረበት ሰው ማታ ልጆቹን ምን እንደሚያበላ እናውቃለን። ከልምድ እንዳየነው ግን ረይስ «አልሠራም» ሲባል ይቆጣል እንጂ ምክንያቱ ሲነገረው ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ጀልባው የእርሱም እንጀራ ነው፤ እርሱም እዚያው ላይ ቆሟል። ስለዚህ ዐረብኛው ያልገባችሁ ይህን በቃላችሁ ያዙ፦ «ኡስቡር ሹወያ፣ ፊ ሪሐት በንዚን።» ጥቂት ታገሥ፣ የቤንዚን ሽታ አለ ማለት ነው። በትሕትና ግን ተሳፋሪው እንዲሰማ ጮክ አድርጋችሁ ተናገሩት። ተሳፋሪው ከሰማ ረይሱ ብቻውን አይወስንም።

ከገለጻው በኋላ ከቀረቡልን ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

አንድ ወንድማችን ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የጋዝ ጠቋሚ ጀልባ ላይ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። አይመከርም። ንዝረትና እርጥበት እንዲችል አልተሠራም፤ የራሱም ማብሪያ ፍንጣሪ ሊሰጥ ይችላል። አንዳንዱም ከአየር ለሚቀልል ጋዝ የተሠራ ስለሆነ ቦታው ጣሪያ ሥር ነው። ያገለገለ የጀልባ ጠቋሚ መግዛትን በሚመለከትም፣ ዳሳሹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚያረጅ ስለሆነ ሳይሞከር ገንዘብ እንዳይከፈልበት እናሳስባለን።

ሌላው ጥያቄ ሞተሩ ከኋላ ተንጠልጥሎ ውጭ ለሚቀመጥባቸው ጀልባዎች ይህ ሁሉ ያስፈልግ እንደሆነ ነበር። የእነዚህ አደጋ ያነሰ ነው፤ ሞተሩን ነፋስ ያገኘዋል። ጣና ላይ ወደ ዘጌ ከሚሻገሩት ጀልባዎች ውስጥም እንዲህ ያሉትን ያያችሁ ትኖራላችሁ። ሆኖም ጀሪካኑ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከሳንቃው በታች ከተደበቀ ትነቱ ያው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ጀሪካኑ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይታሰር።

በመጨረሻ ካርቱም ወንዝ ዳር ሻይ ስትሸጥ የነበረች እህታችን፣ ጀልባዎቹ ከከሰል ምድጃዋ አጠገብ ቤንዚን እንደሚቀዱና ምን ያህል መራቅ እንዳለባት ጠየቀችን። ይህን ያህል ሜትር ብለን ቁጥር አልሰጠናትም፤ ትነቱ በነፋሱና በመሬቱ አቀማመጥ ስለሚሄድ ርቀት ብቻውን አያድንም። ምድጃዋ ከሚቀዳበት ቦታ ከፍ ባለ መሬት ላይና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መሆን አለበት። ጀልባው ደግሞ ዝቅ ብሎ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ይቅዳ። ምድጃዋን አጥፊ ማለት የቀኑን ገበያዋን አጥፊ ማለት ነው። ጀልባው ግን ገመዱን ፈትቶ ጥቂት ዝቅ ቢል የሚያጣው ነገር የለም። ይህንንም ለረይሶቹ ራሷ እንድትነግራቸው ነግረናታል፤ ሻይዋን የሚጠጡት እነርሱ ናቸውና።